የሰው ስም ተከራይቶ መነገድ

ከርመናል። የጠፋነው ሥራ በዝቶብን አይደለም፤ ነጋዴ ልንሆን ስንል ነው። ባለፈው ወር ሦስት ሆነን ካፌ ለመክፈት አራት ፊርማ ብቻ ቀርቶን ነበር። ኮንትራቱ 4 ገጽ ነው፤ በየገጹ ግርጌ አንድ አንድ ፊርማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጠኝነት አብረን የተማርን፣ አብረን የተመረቅን፣ ደመወዙም አብሮ የማይበቃን ሦስት ሴቶች ነን። ዕቁባችን ወጥቷል። የአንዷ አባት ደግሞ ቪትዛቸውን ሸጠው «ሥሩበት፣ ሲሞላላችሁ ትመልሱልኛላችሁ» ብለው ሰጥተውናል። (እሳቸው አሁን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ባይነሳን ኖሮ ይህን ጽሑፍም ባልጻፍን።) ገንዘቡን ይዘን ምን እንሥራ ስንል፣ ከተማው ውስጥ አራት አምስት ቦታ ስሙን የሰቀለ አንድ ካፌ «ቅርንጫፍ እንሰጣለን» ማለቱን ሰማን። ስሙን አንጠራውም። ሄደን አነጋገርናቸው። ለስሙ 600,000 ብር ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ በየወሩ ከሽያጫችሁ 6 በመቶ ለእኛ፣ 2 በመቶ ደግሞ ለማስታወቂያ ትልካላችሁ፣ ቡናውን፣ ኩባያውንና ኬኩን ከእኛ ትገዛላችሁ፤ በምላሹ ስሙን፣ ቀለሙንና አሠራሩን እንሰጣችኋለን አሉን። እኛ በዚያው ማታ ስለ ወንበሮቹ ቀለም መጨቃጨቅ ጀመርን።

ከሦስታችን ሒሳብ የምትወደዋ ግን ወንበሩን ትታ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ሰው በዚህ ነገር ሲከስር እንዴት ነው የሚከስረው?» አለች። መልስ አልነበረንም። ጠበቃ ጋ መሄድ ይቻል ነበር፤ ጋዜጠኛ ነንና መጀመሪያ ታሪክ ማገላበጥ መረጥን። ያገኘነውን ይኸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩ አብዛኛው የእነሱ ነውና።)

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ፍራንቻይዝ» ይሉታል። እኛ በመካከላችን «ስም መከራየት» ብለነዋል፤ ግን ልዩነት አለው። ቤት ስትከራዩ ግድግዳው የአከራዩ ነው፤ የማትስማሙ ከሆነ ዕቃችሁን ጭናችሁ ትወጣላችሁ። ስም ስትከራዩ ግን ግድግዳውን የምትገነቡት፣ ማሽኑን የምትገዙት፣ ሠራተኛውን የምትቀጥሩት እናንተ ናችሁ። አከራዩ ያዋጣው ታፔላውን ነው። ባትስማሙ ታፔላው ይወርዳል፣ ዕዳው እናንተ ጋ ይቀራል። ይህን በልባችሁ ያዙልን።

የአንዷችን አያት ቤት አንድ ጥቁር የልብስ ስፌት መኪና አለ። ወርቃማው ጽሑፍ ለቆ «ሲን» የምትለዋ ብቻ ቀርታለች። ሲንጀር ነው። ስም የመከራየት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚህች መኪና ነው። አይዛክ ሲንገር በ1851 የመኪናውን ፓተንት ሲያወጣ ገንዘብ አልነበረውም፤ ብልህ የሆነ ኤድዋርድ ክላርክ የሚባል ጠበቃ ሸሪክ ግን ነበረው። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሱበት ብር ሲያጡ በየክልሉ መኪናውን የመሸጥ መብት ለነጋዴዎች ሸጡ። ነጋዴው አስቀድሞ ይከፍላል፣ እነሱ በዚያ ገንዘብ ያመርታሉ። ይህ ለእነሱ ትልቅ ዕርዳታ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ፣ ገበያው ሲሞቅ ያን የሸጡትን መብት መልሰው እየገዙ የራሳቸውን ሱቆች መክፈት ጀመሩ።

ይህን ስናነብ ትንሽ ዝም አልን። ስሙን የሚሸጥላችሁ ሰው ለምን ራሱ አይከፍትም? ብዙ ጊዜ መልሱ «ገንዘብ ስለሌለው» ነው። ነውር የለውም። ግን ገንዘብ ያገኘ ቀን ምን ያደርጋል? ኮንትራቱ ስለዚያ ቀን ምን ይላል? የእኛው ባለ 4 ገጽ ምንም አይልም ነበር።

የኮካ ኮላ ታሪክ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። በ1899 ሁለት የቻታኑጋ ከተማ ጠበቆች፣ ቤንጃሚን ቶማስና ጆሴፍ ኋይትሄድ፣ ወደ ኩባንያው ባለቤት ኤሳ ካንድለር ሄደው «መጠጡን በጠርሙስ እንሙላው» አሉት። ካንድለር በጠርሙስ ነገር እምነት አልነበረውም፤ ለአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል መብቱን በ1 ዶላር ሰጣቸው። ያቺን አንድ ዶላርም አልተቀበላትም ይባላል። ከዚህ የከፋው የኮንትራቱ ይዘት ነበር፦ ሽሮፑን በተወሰነ ዋጋ ያቀርብላቸዋል፣ ማብቂያ ጊዜም የለውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስኳር ሲወደድ ኩባንያው በገዛ ወረቀቱ ተጠፈረ። በ1920 ፍርድ ቤት ደረሱ፣ በ1921 የሽሮፑ ዋጋ ከስኳር ዋጋ ጋር እንዲሄድ ተስማሙ። እንግዲህ አንዳንዴም ተከራዩ አከራዩን ያስጨንቃል። ወረቀቱ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት የምትወስነው።

ይኸው የኮካ ኮላ አሠራር አዲስ አበባ የደረሰው በ1959 ነው፤ በ1965 ድሬዳዋ ሁለተኛው ፋብሪካ ተከፈተ። ስሙ የአሜሪካ፣ ጠርሙሱን የሚሞላው እዚሁ ያለ ኩባንያ። በ1975 ደርግ ሁለቱንም ወረሳቸውና እስከ 1996 የመንግሥት ሆነው ቆዩ። ፋብሪካ ሲወረስ ማሽኑና ግቢው ይወረሳል። ስሙ ግን አትላንታ ተቀምጦ ነበር፤ አልተነካም። መሬት ላይ ያለውን አደጋ ሁሉ የተሸከመው መሬት ላይ ያለው ነው።

አሁን ደግሞ የወደድናት ሴትዮ። ማርታ ማቲልዳ ሃርፐር ትባላለች። በ1857 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ተወለደች፤ በ7 ዓመቷ አባቷ ሰው ቤት እንድትሠራ አስገቧት። 25 ዓመት ገደማ በቤት ሠራተኛነት አሳልፋለች። (ቆም በሉና አስቡት። 25 ዓመት የሰው ወለል።) በኋላ አሜሪካ፣ ሮቸስተር ከተማ ሄደች፤ በ1888 ያጠራቀመቻትን 360 ዶላር ይዛ የሴቶች ጸጉር ቤት ከፈተች። በዚያን ጊዜ ጨዋ ሴት ጸጉሯን የምትሠራው ቤቷ ውስጥ ነው፤ ሕዝብ በሚገባበት ቤት ጸጉር መታጠብ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ማርታ ግን እስከ መሬት የሚደርስ ጸጉር ነበራት። ፎቶዋን በር ላይ ሰቀለች፣ ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለጋትም። አንገት የሚያሳርፈውን ወደ ኋላ የሚተኛ የጸጉር ማጠቢያ ወንበር የፈለሰፈችውም እሷ ናት፤ ፓተንት ሳታወጣለት ቀረች እንጂ። ዛሬ የቦሌ ጸጉር ቤት ገብታችሁ ጋደም ስትሉ እሷን አስታውሱ።

በ1891 የቺካጎዋ ባለጸጋ በርታ ፓልመር «እኛ ከተማም ክፈችልን» አለቻት። ማርታም እንደምንም ብላ አልሮጠችም። 25 ባልንጀሮችሽ ደንበኛ እንሆናለን ብለው ይፈርሙልኝ አለች። ከዚያ በኋላ በየከተማው ቤት መክፈት ስትጀምር ስሟን ለማን እንደሰጠች ታውቃላችሁ? የመጀመሪያዎቹን መቶ ያህል ቤቶች የሰጠችው እንደ እሷ የቤት ሠራተኛ ለነበሩ፣ ገንዘብ ለሌላቸው ሴቶች ነው። ታሠለጥናቸዋለች፣ መነሻውን ታበድራቸዋለች፣ ቅባቱንና ወንበሩን ከእሷ ይገዛሉ። ሥራው በደመቀበት ጊዜ 500 ያህል ቤት ነበራት።

ልብ በሉ፤ እሷም «ከእኔ ግዙ» ትላለች፣ የእኛዎቹም «ከእኛ ግዙ» ይላሉ። በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ማርታ አበዳሪ መሆኗ ነው። አንዲት ልጅ ከከሰረች የማርታም ገንዘብ አብሮ ይሰምጣል። ስለዚህ ቤቱ እንዳይከስር ከባለቤቷ እኩል እንቅልፍ የምታጣው ማርታ ናት። እኛ ጋ የመጡት ሰዎች ግን 600,000 ብሩን የሚቀበሉት በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚያጣ ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ሒሳብ የምትወደዋ ጓደኛችን ከዚህ በኋላ ያነበብነውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ትመዝነው ጀመር፦ ስሙን የሚሸጠው ሰው እንጀራው ከየት ነው? ከተከራዩ መግቢያ ክፍያ ነው ወይስ ከተከራዩ ሥራ መሳካት?

ማክዶናልድስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አበባ ባይኖርም። ዲክና ማክ ማክዶናልድ ወንድማማቾች ናቸው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ውስጥ በ1940 የከፈቱትን ቤት በ1948 ዘግተው፣ የምግቡን ዝርዝር አሳጥረው፣ አስተናጋጆቹን አሰናብተው፣ ኩሽናውን እንደ ፋብሪካ አደራጅተው እንደገና ከፈቱት። ሰው ጎረፈ። በ1953 ኒል ፎክስ የሚባል ሰው በ1,000 ዶላር አሠራሩን ገዝቶ ፊኒክስ ከተማ ሊከፍት ሲል ስሙንም ልጠቀም አላቸው። ወንድማማቾቹ ገረማቸው፤ በእኛ ስም ፊኒክስ ውስጥ ምን ልታደርግበት ነው ብለው አሰቡ። የስም ዋጋ መጀመሪያ ላይ ለባለቤቱ ራሱ አይታየውም ማለት ነው።

የታየው ለሬይ ክሮክ ነበር። ክሮክ የሚልክሼክ መምቻ ማሽን ሻጭ ነው፤ ወንድማማቾቹ ብዙ ማሽን ሲያዙበት ጊዜ በ1954 ሄዶ አያቸው። ዕድሜው 52 ነበር። (ተስፋ አንቁረጥ!) ስሙን በመላ አገሪቱ የማከራየት መብት ተዋዋለ። ኮንትራቱ እንዲህ ነበር፦ ተከራዩ 950 ዶላር መግቢያ ይከፍላል፣ ከዚያ ከሽያጩ 1.9 በመቶ። ከዚህችው ላይ 0.5 በመቶው ለወንድማማቾቹ ይሄዳል፣ ለክሮክ 1.4 ይቀረዋል። በ1955 የመጀመሪያ ቤቱን ዴስ ፕሌንስ ከፈተ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን አስተውሉ። 950 ዶላር ማንንም አያበለጽግም። ሌሎች የዘመኑ ነጋዴዎች አንድን ግዛት በሙሉ በትልቅ ገንዘብ ለአንድ ሰው እየሸጡ ዞር ሲሉ፣ ክሮክ አንድ በአንድ ነበር የሚሸጠው፤ ሰውየው የመጀመሪያውን በደንብ ካልሠራ ሁለተኛ አያገኝም። ለተከራዮቹም ሥጋና ዳቦ እየሸጠ አላተረፈም፤ ከአቅራቢዎቹ በቀጥታ ይግዙ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እኔ አቅራቢህ ከሆንኩ ትርፌ ከአንተ ኪስ ነው፣ ያኔ ለአንተ መልካም የሆነው ለእኔ ክፉ ይሆናል።

ክሮክን ቅዱስ እያደረግነው እንዳይመስላችሁ። 1.4 በመቶ ቢሮውን እንኳ አላኖረችለትም። ያዳነው ሃሪ ሶንቦርን የተባለ የገንዘብ ሰው ነው። በ1956 አንድ ኩባንያ አቋቁመው ቦታውን ራሳቸው እየተከራዩ ለቤቱ ከፋች በላይ በላዩ ማከራየት ጀመሩ፤ የተቆረጠ ኪራይ ወይም ከሽያጩ 5 በመቶ፣ የበለጠው። ከዚያ በኋላ ተከራዩ ስሙንም መሬቱንም ከአንድ ሰው እጅ ነው የያዘው። ደንቡን ካፈረሰ ከስሙም ከቤቱም ይወጣል። ለእሱ ኪራዩ የሚያድገው ግን ሽያጩ ሲያድግ ብቻ ስለሆነ፣ የተከራዩ ቤት መሙላት የክሮክም ጉዳይ ሆነ። ጅራፉም ዳቦውም በአንድ እጅ።

ከመጀመሪያዎቹ ተከራዮች መካከል የክሮክ የጎልፍ ክለብ ጓደኞች ነበሩ። ገንዘብ ያላቸው፣ ቤቱን ግን ከሩቅ የሚያስተዳድሩ። ብዙዎቹ ደንብ እየጣሱ አስቸገሩት። ቤቱን ከፍ ያደረጉለት በዋኪጋን ከተማ ያላቸውን ጥሪት ሁሉ አፍስሰው በ1955 የከፈቱ አንድ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሴትዮዋ ቢሮ ለቢሮ እየዞረች መጽሐፍ ቅዱስ ትሸጥ ነበር። እነሱ ከድስቱ ሥር አልጠፉም። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። የእኛ ዕቅድ ሦስታችንም ሥራችንን ሳንለቅ አንድ ሥራ አስኪያጅ ቀጥረን ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ማየት ነበር። ጎልፍ አንጫወትም እንጂ፣ የጎልፍ ክለቡ ሰዎች እኛ ነን።

የወንድማማቾቹ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ነው። በ1961 ክሮክ መብቱን ሁሉ በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው። የመጀመሪያዋ ቤታቸው የእነሱ እንደሆነች ቀረች፤ ስሟ ግን ተሸጧል። ዲክና ማክ ማክዶናልድ በቤታቸው ላይ «ማክዶናልድስ» ብለው መጻፍ አልቻሉም፤ «ቢግ ኤም» ብለው ሰየሟት። ክሮክ በአቅራቢያቸው አንድ ማክዶናልድስ ከፈተ። ቢግ ኤም ተዘጋች። አባታቸው ያወጡላቸውን ስም!

እስካሁን ያወራነው ስለተሳካላቸው ነው። ጓደኛችን የጠየቀችው ግን ስለ መክሰር ነበር፤ ለዚያ የተሻለ ምስክር የምትሆነው የ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ናት። የዶሮ ጥብሱ የኬንታኪ፣ የሃምበርገሩ የማክዶናልድስ ሀብት ሲወራ አገሩ ሁሉ ስም ለመሸጥ ተነሣ። ታዋቂ ዘፋኝ፣ ስፖርተኛ፣ ቀልደኛ ስሙን ለዶሮ ቤት አዋሰ። ከሁሉም የሚታወሰው የናሽቪሉ ጠበቃ ጆን ጄይ ሁከር ያቋቋመው «ሚኒ ፐርልስ ቺክን» ነው። ሚኒ ፐርል በአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ መድረክ የታወቀች ቀልደኛ ናት፤ ምልክቷ የ1.98 ዶላር ዋጋ ወረቀት ሳይነሳለት የተንጠለጠለበት ባርኔጣ ነበር። ኩባንያው በ1968 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ዋጋው ተተኮሰ።

ገንዘቡ ግን ከዶሮ አልነበረም። ኩባንያው አንድ ሰው መብት ሲገዛ፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ አንዲት ዶሮ ሳትጠበስ፣ የመግቢያ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ የዓመቱ ገቢ አድርጎ ይመዘግብ ነበር። ከዚያ ውስጥ ብዙው ገና ያልተከፈለ፣ በተስፋ ወረቀት ያለ። ብዙ መብት በሸጠ ቁጥር መዝገቡ ያምራል፤ መዝገቡ ባማረ ቁጥር አክሲዮኑ ይወጣል። የተሸጠው መብት ብዙ፣ የተከፈተው ቤት የዚያ ጥቂት ክፍል፣ የተከፈተውም ቤት ውስጥ ያለው ዶሮ እዚህ አንድ ዓይነት፣ እዚያ ሌላ ዓይነት። አዲስ ገዢ ሲጠፋ በ1970 ነገሩ ሁሉ ተናደ። የሒሳብ ባለሙያዎች ሻጩ የገባውን ግዴታ ሳይፈጽም የመግቢያ ክፍያውን ገቢ አድርጎ እንዳይቆጥር የሚከለክል ደንብ በ1981 አጽንተው አወጡ። ለብዙ ሰው የዘገየ ደንብ ነው።

ከዚህ ናዳ የተወለደ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በ1970 ካሊፎርኒያ፣ ከዚያም በ1979 ሥራ ላይ በዋለ ደንብ መላው አሜሪካ፣ ስም የሚሸጥ ሰው ፊርማ ከማስፈረሙ በፊት ስለራሱ የሚገልጽ ሰነድ ለገዢው እንዲሰጥ አስገደዱ። ደንቡ በ2007 ተሻሽሎ አሁን ሰነዱ ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት እጅ መግባት አለበት። ሰነዱ 23 ክፍል አለው። ሁሉንም አንዘረዝርላችሁም። ልባችንን የወሰደው 20ኛው ነው፦ ስንት ቤት ተከፈተ፣ ስንት ተዘጋ፣ አሁን የሚሠሩት እነማን ናቸው፣ ባለፈው ዓመት የወጡትስ እነማን ናቸው፣ አድራሻቸውስ። ማለትም ሕጉ «ከስሮ የወጣውን ሰው ስልክ ስጠው፣ ራሱ ደውሎ ይጠይቅ» ይላል። መንግሥት ሰነዱ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም፣ ሥራው ያዋጣል አያዋጣም አይልም። ስልኩን ብቻ ይሰጣችኋል።

ሰነድ ስላለ ሁሉ ሰው ይድናል ማለትም አይደለም። ኪዊዝኖስ የሚባለው የሳንድዊች ቤት በ2007 ገደማ 5,000 ያህል ቅርንጫፍ ደርሶ ነበር። ቅርንጫፎቹ ዳቦውንም ሥጋውንም ከኩባንያው ክንፍ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ከገበያ በላይ እየሸጠልን ነው ብለው ከሰሱ፣ መብት ገዝተው ቤት ሳይከፈትላቸው የቀሩም ከሰሱ። ክርክሩ በስምምነት አለቀ፤ ብዙ ሺህ ቤት ተዘጋ፤ ኩባንያው ራሱ በ2014 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ማርታ ሃርፐርና ኪዊዝኖስ ሁለቱም «ከእኔ ግዙ» ብለው ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2018 በላይአብ ፉድስ ፒዛ ሃትን አዲስ አበባ ሲከፍት ሰልፉን ታስታውሱታላችሁ፤ እኛም ተሰልፈናል፣ አንክድም። የውጭ ስም ሲሆን ሌላ አደጋ ይጨመራል፤ የስሙ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። ከሽያጭ በመቶኛ የሚላከው ከብሩ ጋር ይወርዳል፣ ዶላሩ ከባንክ እስኪገኝ ወረፋ ከመጠበቅ በቀር። መግቢያ ክፍያው፣ ምድጃውና ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ግን በዶላር እንደተቆረጠ ነው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ገባ። ከዚያ በፊት በዶላር ተዋውሎ በብር ማኪያቶ የሚሸጥ ሰው ዕዳው ተኝቶ ሲነሳ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? የእኛ ካፌ የአገር ልጅ በመሆኑ ከዚህኛው ድነናል። ቢያንስ በቀጥታ።

ከሌላኛው ግን አልዳንንም። ጓደኛችን ደብተሯን አውጥታ እንዲህ ደመረችልን። በቀን 15,000 ብር ብንሸጥ (ደህና ቀን ነው) በወር 450,000 ይሆናል። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ወተት፣ ቡና፣ መብራት፣ ግብር ተከፍሎ ከመቶ 10 ብር ቢተርፈን 45,000 ብር። እስቲ አሁን ለስሙ እንክፈል። 6 በመቶና 2 በመቶ፣ 8 በመቶ። ይህ 8 በመቶ ከትርፉ አይደለም፤ ከሽያጩ ነው። 36,000 ብር። የቀረን 9,000፤ ለሦስት 3,000። ገና አላለቀም። የ45,000ው ሒሳብ የተሠራው በመርካቶ ዋጋ ነው። ቡናውን፣ ኩባያውንና ኬኩን መርካቶ በ80,000 የምናገኘው ከሆነ፣ በእነሱ የዋጋ ዝርዝር 20 በመቶ ጨምሮ 96,000 ነው። ከ9,000 ላይ 16,000 ሲቀነስ … በየወሩ 7,000 ብር ከኪሳችን እየጨመርን ነው የምንሠራው። 600,000ውንና የቪትዟን ነገር ሳናነሳ። በዚያው ወር እነሱ 36,000 ብር በተጨማሪም የዕቃውን ትርፍ ይቀበላሉ። ከሽያጭ በመቶኛ የሚቀበል ሰው እናንተ እየከሰራችሁም ይበላል። ክሮክም እንዲሁ ነበር፤ ግን 1.9 ሌላ፣ 8 ሌላ።

«ስሙ ሽያጩን ይጨምርላችኋል» ትሉን ይሆናል። ልክ ነው፤ የስም ዋጋ ያ ነው። ያለ ታፔላው በቀን 8,000 የምንሸጥ፣ በታፔላው 25,000 የምንሸጥ ቢሆን ዓይናችንን ሳናሽ እንፈርም ነበር። ግን ይህን የሚያውቀው የሠራበት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ተመልሰን ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድን። ቅርንጫፍ የያዙትን፣ ከያዙትም የተዉትን ሰዎች ስልክ እንዲሰጡን በትሕትና ጠየቅናቸው። ፈገግ ብለው «እናንተ ልጆች ጋዜጠኞች ናችሁ እንዴ?» አሉን። ነን አልናቸው። ስልኩን አልሰጡንም። «የተዘጋ አለ ወይ?» ስንል «ሁለት ነበሩ፣ ራሳቸው በቸልተኝነት ነው» አሉ።

ለአባትየው ነገሩን ነገርናቸው፤ ይቆጡናል ብለን። «አልፈረማችሁማ?» አሉ። አልፈረምንም። «እንግዲያው መኪናዬ ገና አለች።»

ከሁለቱ አንዷን አስተናጋጆች ጠይቀን አገኘናት። ገርጂ ውስጥ ጭማቂ ቤት ያላቸው ሴትዮ ናቸው፣ ዕድሜያቸው የእናቶቻችን። እትዬ ብለን ገባን፣ አቮካዶ አዘዝን፣ የመጣንበትን ነገርናቸው። ብዙ አላማረሩም። ሁለት ዓመት ሠሩ፣ ኪራዩ ጨመረ፣ ቡናው ከላይ ከእነሱ በየጊዜው ጨመረ፣ ዋጋ ልጨምር ሲሉ አይፈቀድም ተባሉ፣ ለሦስት ወር መላክ ሲያቅታቸው ሰው መጥቶ ታፔላውን ነቀለው። «ታዲያ እዚሁ በራስዎ ስም ካፌውን ለምን አልቀጠሉትም?» አልናቸው። ውሉ ከወጡ በኋላ ለሁለት ዓመት ቡና እንዳይሸጡ ይከለክላል። ለዚህ ነው ጭማቂ ቤት የሆነው። ሒሳብ የምትወደዋ ከቦርሳዋ ኮንትራቱን አወጣች፤ ገጽ 3፣ ከታች፣ አለ። አራት ጊዜ አንብበነው አላየነውም።

ጓዳ ወስደው የቡና ማሽኑን አሳዩን። በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ የብርቱካን ሣጥን ተጭኖበታል። ባለ ሁለት እጅ ጣሊያን ሠራሽ ነው። እገዳው መቼ እንደሚያበቃ ጠየቅናቸው፤ አምስት ወር ቀርቶታል። ማሽኑን ይሸጡት እንደሆነ ደግሞ ጠየቅናቸው። እትዬ ሣጥኑን አነሱ፣ አቧራውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉና «ስንት ትሰጡኛላችሁ?» አሉን።